ከመናሰስ እስከ አፖማቶክስ፦ ከመድፈኛው አጎቴ ጋር አራት ቀን

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ መድፈኛ ነበሩ። ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጡ። ናያጋራ ልውሰድዎት ብላቸው "ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ለፏፏቴ ያን ያህል መንገድ አይሄድም" አሉኝ። ልባቸው ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። ለሠርግ ወደ መናሰስ ስንሄድ ሜዳ ላይ የተደረደሩ አሮጌ መድፎች አይተዋል። "ያ መድፍ የማን ነው?" እያሉ ቤት እስክንገባ ጠየቁኝ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ የያዘኝ የአንድ ባትሪ፣ ማለትም የአንድ የመድፈኛ ክፍል፣ ታሪክ ነው። የሮክብሪጅ መድፈኞች ይባላሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ፣ ለኮንፌዴሬቱ ወገን የተዋጉ ናቸው። በ1861 ዓፕሪል ሌክሲንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተቋቋሙ። በ1865 ዓፕሪል አፖማቶክስ ላይ እጅ ሰጡ። የአሜሪካኑን ታሪክ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የራሳችንን ቀን ግን በእኛው። መንገዳቸው አብዛኛው እኛ በምንኖርበት ግዛት ውስጥ ነው። ከሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ባል የለኝም፣ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ አንድ ድፎ ዳቦና በርበሬ ጭነን ወጣን።

ሐሙስ ጥቅምት 1 ቀን 2016፣ መናሰስ

ከቤታችን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መግቢያው በነጻ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ጠዋት ቤንዚን በ46 ዶላር ሞልቻለሁ።

ሄንሪ ሂል የሚሉት ኮረብታ ነው። ኮረብታ ይበሉት እንጂ ለኛ አገር ሰው ረገብ ያለ ሜዳ ነው። ጁላይ 21 ቀን 1861 የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እዚህ ተደረገ። የደቡቡ ጄኔራል ጃክሰን "የድንጋይ ግንብ" የሚለውን ስም ያገኘው በዚያን ቀን ነው። የሮክብሪጅ መድፎች በእሱ መስመር ላይ ተሰልፈው ነበር።

ጋሼ ከመድፎቹ አንዱ ጋ ሄደው ቆሙ። አፈሙዙን በመዳፋቸው አሹት፤ የናሱ ቅዝቃዜ ገረማቸው። አንድ ጡረታ የወጣ በጎ ፈቃደኛ ለጎብኚ ያስረዳ ነበር። እኔ እያስተረጎምኩ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተግባቡ። በአንድ መድፍ ሰባት ሰው ቁጥር ተሰጥቶት ይሠራል። አንዱ እርጥብ መወልወያ አስገብቶ የቀረውን ፍም ያጠፋል። አንዱ ያጎርሳል። አንዱ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ይይዛል። ጣቱን ካነሳ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ባሩዱን ያቀጣጥለውና የአጉራሹን እጅ ይበላል። ሰልጥነው ሲሠሩት በደቂቃ ሁለት ጊዜ ይተኩሳሉ።

"እኛም ሰባት ስምንት ነበርን" አሉ ጋሼ። "መድፋችን ደግሞ አሜሪካ ሠራሽ ነበር። 105 ሚሊሜትር። ንገሪው።"

ነገርኩት። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ጨበጣቸው።

ኮረብታው ላይ አንድ ትንሽ ነጭ ቤት አለ። የዛሬው ቤት ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። በዚያን ቀን የነበረው ውስጥ ጁዲት ሄንሪ የሚባሉ ከ80 ዓመት ያለፉ ባልቴት ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ተኝተው ነበር። የሰሜኑ መድፈኞች ከቤቱ ውስጥ ይተኮስብናል ብለው ወደ ቤቱ ተኮሱ። ሴትየዋ ሞቱ። መቃብራቸው እዚያው ግቢ ነው።

ጋሼ መቃብሩ ጋ ብዙ ቆዩ። "መድፈኛ የሚተኩሰውን አያይም" አሉኝ። "ቁጥር ይነግሩሃል፣ ቁጥሩን ታስተካክላለህ፣ ትተኩሳለህ።" ከዚያ ሌላ አልተናገሩም።

ጥቂት ራመድ ብሎ የጄምስ ሮቢንሰን ቤት መሠረት አለ። ነጻ ጥቁር ገበሬ ነበር። ሚስቱንና ከልጆቹ የተወሰኑትን ከባርነት ያወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ኮረብታ ሲነገር የእሱን ስም መጀመሪያ የምሰማው ዛሬ መሆኑ አናደደኝ። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመት በኖረበት ቦታ ላይ የነበረው ቤት በ1993 ሰው እሳት ለኩሶበት ነደደ። አሁን የቀረው የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው። ሳሩ በደንብ ታጭዷል።

ማታ ዊንቸስተር ገባን። ሆቴሉ ከነቁርሱ 92 ዶላር። ድርቆሹን በማይክሮዌቭ በሞቀ ውሃ አርሰን በርበሬና ዘይት አድርገንበት በላን። ኮሪደሩ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ።

ዓርብ ጥቅምት 2፣ ሮምኒ

ጠዋት በከርንስታውን በኩል አለፍን። ማርች 1862 ላይ ጃክሰን የተሸነፈበት ቦታ ነው፤ የሮክብሪጅ ልጆችም እዚያ መድፍ ጥለው ሸሽተዋል። አጥሩ ጋ ቆመን አይተን ወደ ምዕራብ ዞርን። መድረስ የፈለግሁት ሮምኒ ነበር። ለምን እንደሆነ ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ እዚያው ስንደርስ ልነግራቸው ነው ያቀድኩት።

መንገድ 50 ተራራ ለተራራ ይሄዳል። ጥቅምት ስለሆነ ጫካው ቀይና ብርቱካንማ ሆኗል። በየመንገዱ ዳር ፖም ይሸጣል። ግማሽ ቁና የሚያህል ቅርጫት በ18 ዶላር ገዛን። ጋሼ አንዱን ገምጠው "ይሄማ ስኳር ነው" አሉና ሦስት አከታተሉ።

ዌስት ቨርጂኒያ እንደገባን ቁልቁለት ላይ ጎማ ፈነዳ። ሻንጣ አውርጄ መለዋወጫውን ሳወጣ እሱም አየር የለውም። ስልክ ኔትወርክ የለውም። አርባ ደቂቃ ያህል ማንም አልቆመልንም። በመጨረሻ አንድ ፒክአፕ ቆመ። የኋላ መስታወቱ ላይ የኮንፌዴሬት ባንዲራ ተለጥፏል። እውነት ለመናገር ልቤ ተሰነጠቀ። ጋሼ ምንነቱን አያውቁም፤ ኮፍያቸውን አንስተው በአማርኛ "እንደምን ዋልክ" አሉት።

ሰውየው ፂማም፣ ዝምተኛ፣ ስልሳ የሚሆነው ነው። በመኪናው የንፋስ መሙያ ነበረው። ጎማውን ሞላ፣ የፈነዳውን ፈታ፣ ቀየረ። ገንዘብ ሰጠሁት፤ እምቢ አለ። ጋሼ ድፎ ዳቦውን ቆርሰው በሁለት እጃቸው ሲሰጡት ግን ተቀበለ። ቆሞ በላው። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝና ነገርኩት። "ያ ክረምት ክፉ ነበር" ብሎ ብቻ ሄደ። መኪና ውስጥ ለጋሼ የባንዲራውን ትርጉም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ መንገዱን ያዩ ነበር። "ዳቦውን ግን በደንብ በላ" አሉ።

ክፉ ነበር ያለው እውነቱን ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1862 ጃክሰን ከዊንቸስተር ሲነሳ ቀኑ ሞቃት ነበር። ወታደሩ ካፖርቱን ጋሪ ላይ ጫነ። ማታውኑ ብርዱ መጣ፤ ቀጥሎ በረዶ። ጋሪዎቹ ኋላ ቀሩ። መንገዱ መስታወት ሆነ። መድፍ የሚጎትቱ ፈረሶች እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ ጉልበታቸው ይደማል፣ ሰዎች በትከሻቸው መንኮራኩር ይገፋሉ። የሮክብሪጅ መድፈኞች በዚህ ሁሉ አልፈዋል። የኮሌጅ ተማሪ፣ የሥነ መለኮት ተማሪ ሞልቶባቸዋል።

ሮምኒ ከተማ ውስጥ ምሳ ፈለግን። ዓርብ ነው፤ ጋሼ ይጾማሉ። ምግብ ቤቷ ውስጥ የሌለው የጾም ምግብ ብቻ ነው። ፎሶልያ ይሻላል ብዬ አዘዝኩ። መጣ፤ በአሳማ ሥጋ ተቀቅሏል። አስተናጋጇ ደነገጠች፣ "ሥጋ አይደለም እኮ፣ ለጣዕም ነው" አለችኝ። በመጨረሻ የተጠበሰ ድንችና የፖም ማርማላታ አመጣችልን። ሁለታችንም በ17 ዶላር በላን።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የነገርኳቸው። ጃክሰን ሮምኒን ከያዘ በኋላ ራሱ ወደ ዊንቸስተር ሲመለስ፣ በዚህ ብርድ ውስጥ ትቶት የሄደው ሌላ ጄኔራል ነበር። ስሙ ዊሊያም ሎሪንግ። አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣ ሰው ነው። መኮንኖቹ አመጹ፤ አቤቱታቸው የደቡቡ ዋና ከተማ ሪችመንድ ደረሰ። የጦር ሚኒስትሩ ሎሪንግን መልስ ብሎ ጃክሰንን አዘዘው። ጃክሰን ተቆጥቶ የሥራ መልቀቂያ አስገባ፤ ለምነው ነው ያስቀሩት። ሎሪንግ ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ።

"እሺ" አሉ ጋሼ ድንቻቸውን እየበሉ።

"ከጦርነቱ በኋላ ግብጽ ሄደ። ኬዲቭ እስማኤል አሜሪካውያን መኮንኖች ይቀጥር ነበር፤ ከሰሜኑም ከደቡቡም። ሎሪንግ ፓሻ ተባለ። በ1868 በእኛ አቆጣጠር የግብጽ ጦር ወደ እኛ ሲመጣ፣ የአዛዡ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም እሱ ነበር። ጉራዕ ላይ።"

ሹካው እጃቸው ላይ ቀረ። ጉንደትና ጉራዕ ማለት ለጋሼ ትምህርት ቤት የተማሩት ታሪክ ብቻ አይደለም። አባታቸው እሳት ዳር የሚያወሩት ነበር፤ አጼ ዮሐንስ፣ ራስ አሉላ፣ የተማረከው መድፍና ጠመንጃ።

"ይሄ ሰውዬ?" አሉ መስኮቱን እያሳዩኝ፣ ሎሪንግ ውጭ የቆመ ይመስል። "እዚህ በበረዶ ተሰቃይቶ፣ እዚያ ድረስ ሊወጋን መጣ?"

ከምግብ ቤቱ ወጥተን በከተማዋ መቃብር ኮረብታ ላይ ሄድን። ነፋሱ ይቆርጣል። ለኮንፌዴሬት ሙታን በ1867 የቆመ ሐውልት አለ። ጋሼ ከቁልቁለቱ በታች ያለውን ሸለቆ ያዩ ነበር። ከሐማሴን ጋር እያነጻጸሩት እንደሆነ ገባኝ። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የከነከነኝ። እዚህ የተዋጉት ሰው በሰው ላይ ባለቤት እንዲሆን የሚፈቅድ አገር ሊያቆሙ ነው። ያ ጦርነት ሲከሽፍ ሥራ ያጣው ጄኔራል ደሞዝ ፍለጋ የእኔን ቅድመ አያቶች መሬት ሊይዝ ከመጣ ጦር ጋር ዘመተ። ሁለቱም ጊዜ ተሸነፈ። ይህን በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም።

ቅዳሜ ጥቅምት 3፣ ሌክሲንግተን

ሸለቆውን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ከባድ መኪና የሞላበት አውራ ጎዳና ነው፤ ለማየት የሚመች አይደለም። ፖርት ሪፐብሊክ ጋ ብቻ ወጣ አልን። ጁን 9 ቀን 1862 የሮክብሪጅ መድፎች ሜዳው ላይ ሲሆኑ የሰሜኑ መድፎች ከሰል ከሚከሰልበት ኮረብታ ላይ ነበሩ። ጋሼ ወጥተው ቁልቁል ተመለከቱ። "እዚህ የተቀመጠ መድፍ ካለ እኔ ሜዳው ላይ አልቆምም" አሉ። የሮክብሪጅ ልጆች ቆመው ነበር፤ አንድ መድፍም ተወሰደባቸው። በመጨረሻ ኮረብታውን የያዙት ከጫካ የመጡ የሉዊዚያና እግረኞች ናቸው።

ሌክሲንግተን ሁለት ኮሌጅ ጎን ለጎን የቆመባት ቆንጆ ከተማ ነች። አንዱ የቨርጂኒያ ወታደራዊ ኢንስቲትዩት ነው። ጃክሰን ከጦርነቱ በፊት እዚህ መምህር ነበር። መድፍ ያስተምር ነበር፤ ፈረስ በሌለበት መድፉን የሚጎትቱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

አራቱ መድፎች ከሰልጣኞቹ ማደሪያ ፊት ለፊት ቆመዋል። በ1848 ለትምህርት ቤቱ የተሠሩ፣ ከመደበኛው ቀለል ያሉ ናቸው። ጋሪያቸው ቀይ ተቀብቷል። በ1861 የሮክብሪጅ ባትሪ ይዟቸው ዘመተ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያዘዛቸው ዊሊያም ፔንድልተን የተባለ ቄስ ነው፤ ወታደራዊ ትምህርት የተማረ፣ የዚህችው ከተማ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። መድፎቹ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ የሚል ስም ወጣላቸው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ አማተቡ።

"ወንጌላውያኑን?"

"አዎ።"

"መድፍ ስም ይወጣለታል። ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል አሉት። ግን ይሄ..." አልጨረሱትም። እየዞሩ አራቱንም አዩ፤ አንዱንም አልነኩም። መናሰስ ላይ በመዳፋቸው ሲያሹ የነበሩ ሰው ናቸው።

ከመድፎቹ አጠገብ የጃክሰን ሐውልት ነበር፤ በ2020 ዲሴምበር ተነሳ። መድፎቹ ግን አሉ። አንድ ሰልጣኝ ጥቁር ልጅ በጥድፊያ አለፈ፤ ለጋሼ "ሰር" ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ተማሪ የተቀበለው በ1968 ነው።

የጃክሰን መቃብር ከተማው ውስጥ ነው። ሰዎች ሎሚ ያስቀምጡበታል። ስምንት ሎሚ ቆጠርኩ። ጋሼ ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ሎሚ ይወድ ነበር ስለሚባል ነው። ከዚያ ኤቨርግሪን ወደሚባለው የጥቁሮች መቃብር ወሰድኳቸው። ሎሚ የለም፣ ጎብኚም የለም። በ1860 በሮክብሪጅ አውራጃ ከነበረው 17 ሺህ ያህል ሕዝብ 4 ሺህ የሚጠጋው በባርነት የተያዘ ነበር። አራቱ መድፎች ለማን ጥቅም እንደተተኮሱ ለማወቅ ይህን ቁጥር ማየት ይበቃል። የልጆቹን ጀግንነት አልክድም፤ ሳያጎድሉ አራት ዓመት በርደው፣ ርቧቸው ተዋግተዋል። የተዋጉለት ነገር ግን ክፉ ነበር።

ማታ እንግዳ ማረፊያው አስቸገረን። ባለ ሁለት አልጋ በ84 ዶላር ይዤ ነበር። ስንደርስ ባለ አንድ አልጋ ብቻ አለ፣ ዋጋውም ቅዳሜ ስለሆነ 119 ነው አሉን። ተከራክሬ አልሆነልኝም። ጋሼ አልጋው ላይ ተኙ፤ እኔ ወንበር ላይ። እንቅልፍ ስላልመጣልን አወራን። አንቲታም ሳንሄድ በመቅረታችን የጸጸተኝን ታሪክ ነገርኳቸው። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862፣ በአንድ ቀን 23 ሺህ ገደማ ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ውጊያ ነው። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ፣ ተመትቶ ከተመለሰው የሮክብሪጅ ባትሪ ጋር ተገናኘ። ትንሹ ልጁ በዚያ ባትሪ ተራ ወታደር ነበር። ፊቱ በባሩድ ጠቁሮ አባትየው መጀመሪያ አላወቀውም። ልጁ እንደገና ልትልከን ነው ወይ ሲለው፣ አዎ አለው። ላከውም።

በጨለማው ውስጥ ጋሼ "ባሩድ እንደዚያ ነው፤ እናትህም አታውቅህም" አሉ።

እሑድ ጥቅምት 4፣ አፖማቶክስ

ብሉ ሪጅን ተሻግረን በሊንችበርግ በኩል ሄድን። ጉም ነበር። ጋሼ ቅዳሴ ስላመለጣቸው በስልኬ ከፍተንላቸው እያዳመጡ መጡ።

ከሌክሲንግተን የወጡት አራቱ መድፎች እዚህ አልደረሱም፤ ገና በጦርነቱ መጀመሪያ በሌሎች ተተክተዋል። ጌቲስበርግ ላይ ባትሪው አራት ከባድ ባለ 20 ፓውንድ ፓሮት መድፎች ነበሩት። መድፎቹም በ1864 ጁላይ ዲፕ ቦተም ላይ ተማረኩ። ሰዎቹ ግን ዓፕሪል 9 ቀን 1865 እዚህ ነበሩ። የቀሩት።

መንደሩ የጥንቱን መልክ እንዲይዝ ተደርጓል። ሊ ለሰሜኑ ጦር አዛዥ ለግራንት እጅ የሰጠበት የዊልመር ማክሊን ቤት ሸክላ ነው፣ ሰፊ በረንዳ አለው። ማክሊን መናሰስ አካባቢ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ ከጦርነት ሸሽቶ ነው እዚህ የመጣው።

ጥበቃ ሠራተኛዋን ጋሼ አንድ ነገር እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። በመጨረሻው ጠዋት ከወታደር ሌላ የሞተ ሰው ነበር ወይ? ሴትየዋ ቆም ብላ አየቻቸው። አዎ፣ አንዲት አለች አለችን። በዚያን ጠዋት በመንደሩ ዳር በኮልማን ቤት በባርነት የምትሠራ ሴት በመድፍ ጥይት ተመታች። ለረጅም ጊዜ ያኔውኑ ባሪያ ሆና ሞተች ይባል ነበር። ኋላ መዝገብ ሲገለጥ ሦስት ቀን ቆይታ፣ ዓፕሪል 12 ላይ እንዳረፈች ታወቀ። እጅ ከተሰጠ በኋላ፤ ነጻ ሆና።

"ስሟ ማነው?"

"ሐና። ሐና ሬይኖልድስ።"

"ሐና" አሉ ጋሼ። ስሙ እንግዳ አይደለም፤ የእናታቸው የክርስትና ስም ወለተ ሐና ነው።

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ስለ ጦርነታቸው በዕድሜዬ ሙሉ ቀልድ ቀልዱን ብቻ ነው የነገሩኝ፤ የምግቡን፣ የውሃ ጥሙን፣ የአዛዡን ቁጣ። እዚያ ደረጃ ላይ ግን ከጅጅጋ ወዲህ ስላለ አንድ መንደር ነገሩኝ። ቁጥር ተሰጣቸው፤ ተኮሱ። በማግስቱ በዚያው መንደር በኩል ሲያልፉ ከአንድ ቤት ደጃፍ የተገለበጠ የውሃ እንስራ አዩ። እንስራው አልተሰበረም ነበር። ቤቱ ግን የለም። ማን እንደነበረበት አልጠየቁም፤ የሚጠየቅም ሰው አልነበረም።

እኔ ምን እንደምል አላወቅሁም። ቴርሞሱ ውስጥ የቀረውን ሻይ ቀዳሁላቸው።

ወደ ቤት ሦስት ሰዓት ተኩል ነዳን። ሌላው የውጊያ ቦታ፣ ፍሬድሪክስበርግ፣ ለሌላ ጊዜ ቆየ። የተረፈው ፖም በመኪናው ወለል ላይ ይንከባለል ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ሁለት ጧፍ ገዙ። አንዱን ሲያበሩ "ለሐና" ሲሉ ሰማኋቸው። ሁለተኛውን ሲያበሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ስም ግን አልጠሩም።